አርፈህ ተቀመጥ

«አርፈህ ተቀመጥ!» በልጅነቴ ዱላ ከመምጣቱ በፊት የሚሰማ ድምፅ ነበር። እናቴ ትለዋለች፣ የኔታ ይሉታል፣ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪያችን ጠመኔ እየወረወረ ይለዋል። በቃሉ ውስጥ ዕረፍት የሚባል ነገር መኖሩን ልብ ብዬ አላውቅም። ልብ ያልኩት ሃያ አራት ዓመት ሞልቶኝ፣ ከአገሬ ርቄ፣ ነሐሴ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. አቴና ጥግ ፓሌዮ ፋሊሮ በምትባል የባሕር ዳር ሰፈር ነው። ሐሙስ ነበር። ቀኑን እንዲህ አጥርቼ የያዝኩት ጽንሰታ ስለሆነ ነው፤ አብረውኝ የዋሉት ሴትዮ ደግሞ የማርያምን ቀን ሳያነሡ የሚያልፉ ሰው አልነበሩም።

እትዬ ነበር የምንላቸው። ስማቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ደፍሮ የጠራው ግን የለም። አዲስ አበባ ሳሉ ከአንድ የግሪክ ነጋዴ ቤት ነበር የሚሠሩት። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሱቁንም ቤቱንም ሲወርሰው ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ግሪክ ገባ፤ እትዬም አዝለው ያሳደጓቸውን ሦስት ልጆች ተከትለው መጡ። እመቤቲቱን «ኪሪያ» ይሏታል፤ በግሪክኛ ወይዘሮ ማለት ነው። ይህቺ ኪሪያ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናትና አማርኛዋ የሚታማ አይደለም። ደስ ሲላት በግሪክኛ ነው የምታወራው፤ ስትቆጣ ግን አማርኛው ይመጣላታል። ስለዚህ እትዬ «ዛሬ ብዙ አማርኛ ሰምቼ ዋልኩ» ካሉን፣ ቀኑ ከፍቶባቸው እንደዋለ ይገባናል።

በአቴና ቤት ውስጥ እያደሩ የሚሠሩ ሴቶች ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነበር። እሑድ የቤተ ክርስቲያንና የለቅሶ ቤት ነው፤ ለራስ የምትቀረው የሐሙስ ቁራጭ ናት። በዚያ ነሐሴ ግን ኪሪያ ቤተሰቧን ይዛ ወደ ደሴት ሄደች። ግሪኮች የእመቤታችንን በዓል በነሐሴ 15፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ነው የሚያከብሩት፤ በዓሉ ሲቃረብ አቴና ሰው የሸሻት ከተማ ትመስላለች። አቅም ያለው ወደ ደሴት፣ የሌለው ወደ ትውልድ መንደሩ ይሄዳል። እትዬ ቤት ጠባቂና አበባ አጠጪ ሆነው ቀሩ። «በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ሙሉ ሐሙስ ነው» አሉ፤ አንድ ሙሉ እንጀራ እንደደረሰው ሰው።

እኔ ደግሞ ቀን የተትረፈረፈልኝ ሰው ነበርኩ። ከካርቱም አቴና ከገባሁ ዐሥራ አራት ወር ሆኖኛል፤ ወደ አሜሪካ የሚያሻግረኝን ወረቀት እጠብቃለሁ። ኪፕሴሊ ውስጥ አንድ ምድር ቤት ተከራይተን ስድስት ሆነን እንኖራለን። ኪፕሴሊ በግሪክኛ የንብ ቀፎ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰው እኛን አስቀድሞ ሳያየን አልቀረም። ጠዋት ጉዳያችንን የያዘው ቢሮ በር ላይ ሄጄ የተለጠፈ ስም አያለሁ፣ ከዚያ የፖስታ ሳጥኑን እከፍታለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠዋት የሄደው ልጅ ዝርዝሩን በደንብ አላየው ይሆናል ብዬ ተመልሼ እሄዳለሁ። ሐምሌ ላይ ያ በግሪክ ታሪክ የሚጠቀሰው ሙቀት መጣ። ከሺህ ሰው በላይ ገደለ፤ እኛም አንሶላ ውኃ ውስጥ እየነከርን ሲሚንቶው ላይ ተኛን። በዚያም ሰሞን ቢሆን ስም ለማየት ከመሄድ የቀረ የለም። ሥራ የለኝም፣ አለቃ የለኝም፣ ማንም አያዘኝም። በዚያ ሁሉ ወር ውስጥ ግን አንድ ቀን እንኳ አርፌ አላውቅም።

ያን ዕለት እትዬ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲመጡ ከስድስታችን የነቃሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። የተመረጥኩት በዚህ ነው እንጂ በሌላ አይደለም።

«ተነሥ አንተ ልጅ፣ ዘንቢል ትይዝልኛለህ። ባሕር እንሄዳለን።»

«ዛሬ ሐሙስ እኮ ነው እትዬ። ስም ይለጠፋል።»

«ስም እግር የለውም። ከተለጠፈ ነገም እዚያው ግድግዳ ላይ ታገኘዋለህ።»

ምን ልበል? ዘንቢሉን ያዝኩ።

በትሮሊ ሲንታግማ አደባባይ ደረስን። ሲንታግማ ሕገ መንግሥት ማለት ነው፤ በዙሪያው ባንክ ሞልቷል። አገሩን ገና ስለምድ በየደረስኩበት ግድግዳ ላይ «ትራፔዛ» የሚል ጽሑፍ እያነበብኩ፣ እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ ጠረጴዛ ለማን ነው የሚሸጡት ብዬ ተገርሜ ነበር። ለካ ትራፔዛ ባንክ ነው። የጥንት ገንዘብ ለዋጮች ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጡ ስለነበር ባንኩ በዚያው ስም ቀረ፤ ለእኛ ደግሞ ጠረጴዛው ደረሰን። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አገር በየመንገዱ ያጋጥማል። ስቅለት ዕለት ኪርያላይሶን እያልን ስንሰግድ ነው ያደግነው። የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ መጥቶ «ኪሪዬ፣ ትኬት» ሲለኝ መጀመሪያ ጊዜ ደንግጬ ነበር። ጌታ የሚለው ቃል እዚህ አቶ ሆኖ ትኬት ይጠየቅበታል።

ከሲንታግማ የሚነሣው አውቶቡስ ሲንግሩ በሚባለው ሰፊ ጎዳና ይወርዳል። ጎዳናው ቀጥ ብሎ ይሄድ ይሄድና ባሕር ላይ ያልቃል። ባሕሩ ብቅ ሲል አውቶቡሱ ውስጥ የተለየ ነገር ያየ ሰው የለም፤ እኔ ግን የያዝኩትን ብረት ጠበቅ አደረግሁ። የደጋ ልጅ ነኝ፤ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረን ከተማ ባሕር ዳር ብለን የጠራን ሕዝቦች ነን። እስከዚያ ቀን ባሕርን ያየሁት ከአውሮፕላን መስኮት ነበር፤ ከላይ ሲያዩት ደግሞ ዝም ያለ ሰማያዊ መሬት ነው። እዚህ ግን ይተነፍሳል።

በስተቀኝ በኩል የሰላምና የወዳጅነት ስታዲየም የሚባለው ግዙፍ አዳራሽ ታየ። ከሁለት ወር በፊት፣ በፈረንጅ ሰኔ 14፣ ግሪክ በዚያ አዳራሽ ሶቪየት ኅብረትን በተጨማሪ ሰዓት 103 ለ101 አሸንፋ የአውሮፓ ቅርጫት ኳስ ዋንጫን ወሰደች። በዚያ ሌሊት አቴና አልተኛችም፤ እኛም ቀፏችን ውስጥ ሆነን ማን ምን እንደሆነ ሳናውቅ አብረን ጮኸናል። በነሐሴም ቢሆን ነገሩ አልበረደም። የሰፈሩ ልጆች የፕላስቲክ ባልዲ ቂጡን ቆርጠው ግንድ ላይ ሰቅለዋል፤ የወረወረው ሁሉ «ጋሊስ!» እያለ ይወረውራል። ኒኮስ ጋሊስ በዚያ ጨዋታ ብቻውን 40 ነጥብ ያስቆጠረው ሰውዬ ነው።

ኤዴም የምትባለው ቦታ ወረድን። የኛው ኤደን ናት፤ ገነት። ከድሮ ጀምሮ አቴናውያን ባሕር የሚታጠቡባት፣ ሙዚቃና ቲያትር የነበረባት ሥፍራ ነበረች ይላሉ። እኔ የደረስኩባት ገነት ትንሽ ጠጠራማ ዳርቻ፣ አንድ ሦስት ቡና ቤትና የጨው ነፋስ የማይጎዳው አርሚሪኪ የሚሉት ዛፍ ነበረች። ከዛፉ ሥር አንድ ጠረጴዛ ይዘን ተቀመጥን። አሳላፊው ሁለት ብርጭቆ ውኃ አስቀመጠ። እትዬ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጾሙት፤ ውኃውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉትና ለእኔ ቡና አዘዙ። ሜትሪዮ፣ ማለትም ስኳሩ መካከለኛ የሆነ። እሳቸው ምንም እንደማይፈልጉ ሲነግሩት አሳላፊው ቅር አላለውም፤ እዚያ አገር ወንበር ከያዝክ የሚያስነሣህ የለም።

ቡናው በትንሽ ስኒ፣ አተላው ከታች፣ አረፋው ከላይ ሆኖ መጣ። በሦስት ጉንጭ ጨረስኩት። ብድግ አልኩ።

«ወዴት?»

«ጨረስኩ እኮ።»

«አርፈህ ተቀመጥ!»

ተቀመጥኩ። ከጎናችን አንድ ሽማግሌ ብቻውን ተቀምጧል። በአንድ እጁ ኮምቦሎይ የሚሉትን መቁጠሪያ ያንከላውሳል፤ ለጸሎት አይደለም፣ ጣቱ ሥራ እንዳይፈታ ነው። ከእኛ በፊት የቀረበለት ስኒ ገና ግማሹ አልተነካም። አንድ ጊዜ ፉት ይልና ስኒውን ይመልሰዋል። ባሕሩን ያያል። የሚያልፈውን ውሻ ያያል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስኒው ትዝ ይለዋል። ይህን ሰው ሳይ በመጀመሪያ ተናደድኩ ማለት ይቻላል።

ቡና ላይ መቆየት እኛን ማን ያስተምረናል? አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ሦስት ጊዜ የምንጠጣ ሰዎች ነን። ነገር ግን እትዬ እግራቸውን ዘርግተው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲቀመጡ እያየሁ አንድ ነገር ታሰበኝ። እኛ ቤት ሰው ቡና ላይ ሲያርፍ አንዷ ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ታፈላለች፣ ከሰሉን ታራግባለች። የእኛ ዕረፍት የአንዷ ሥራ ነው። እትዬ ደግሞ አዲስ አበባም አቴናም ሁልጊዜ ያቺው አንዷ ነበሩ። ጾሙ ባይይዛቸው ኖሮ ያን ቀን ሰው አፍልቶ ያመጣላቸው ነበር። እኔ ጠጥቼላቸዋለሁ፤ እሱንም በሦስት ጉንጭ።

ሽማግሌው ከእትዬ ጋር ወሬ ጀመረ። ፓሌዮ ፋሊሮ ከቁስጥንጥንያ የተሰደዱ ግሪኮች ብዙ የሰፈሩባት ናት፤ እነሱ ከተማቸውን ፖሊ ብቻ ነው የሚሏት፣ ሌላ ከተማ በዓለም ላይ ያለ አይመስላቸውም። ሰውዬው በ1964፣ በፈረንጅ፣ የቱርክ መንግሥት የግሪክ ዜጎችን ሲያባርር 20 ኪሎ ሻንጣ ይዞ ከወጡት አንዱ ነው። ቆጵሮስ ላይ ጦርነት ከተነሣ ከ1974 ወዲህ አገሩ ሁሉ «የግሪክ ቡና» የሚለውን፣ እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የቱርክ» ብሎ ነው የሚያዘው። እትዬ እኔ የማደርገውን ነገሩት መሰለኝ፣ ዞር ብሎ አየኝና አንድ ነገር አለ። ተረጎሙልኝ።

«ሻንጣዬን አንድ ዓመት ሙሉ አልፈታሁትም ነበር ይልሃል።»

«ከዚያስ?» አልኩ።

ጠየቁት። ትከሻውን ሰበቀ።

«ከዚያማ የሚቀየር ሸሚዝ ቸገረኝ ይላል።»

ፀሐይዋ ከረር ስትል እትዬ ተነሡ። «ባኞ ላደርግ ነው» አሉ። ባኞ ሲባል በእኔ ጭንቅላት የመታጠቢያ ገንዳ ነው የሚመጣው፤ ግሪኮች ግን ባሕር ገብቶ መውጣትን ባኞ ይላሉ። ይቆጥሩታልም። በሐምሌና በነሐሴ ሁለት አሮጊቶች ሲገናኙ ከጤና ቀጥሎ የሚጠያየቁት «ስንት ባኞ ሆነልሽ?» እየተባባሉ ነው። ለቁርጥማት፣ ለወገብ፣ ለጉልበት ይህን ያህል ግባ ብሎ ሐኪም ያዛል፤ ሰዉም እንደ እኛ ጠበል ቀን ቆጥሮ ይጨርሳል። እትዬ ይህ ገብቷቸዋል። ሁለት ሱባኤ ጠበል ተጠምቆ የሚያውቅ ሰው ዐሥራ አራት ባኞ አይቸግረውም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የደረጃው እምነበረድ ነው የጨረሰው። በየሐሙሱ እየሰረቁ ስምንት ደርሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። የፋሊሮ ባሕር ያን ጊዜ ንጹሕ አልነበረም። የፒሬውስ ወደብ አጠገቡ ነው፤ የአቴና ቆሻሻም ሳይጣራ ወደ ባሕሩ ይለቀቅ ነበር። ፕሲታሊያ በምትባለው ደሴት ላይ ማጣሪያው ሥራ የጀመረው በ1994፣ በፈረንጅ፣ ነው። መኪና ያለው እየነዳ ወደ ግሊፋዳ፣ ወደ ቩላ፣ ከዚያም ርቆ የሞቀ ውኃ ሐይቅ ወዳለባት ወደ ቩሊያግሜኒ ይሄዳል። ለፋሊሮ የሚቀሩላት በአውቶቡስ የሚመጡና ሲያረጁ ርቀው መሄድ የሰለቻቸው ናቸው።

እትዬ ነጠላቸውን አጥፈው ሰጡኝ። ሰማያዊ የቤት ቀሚስ ለብሰዋል፤ እንደለበሱት ነው የሚገቡት። ጠጠሩ እግራቸውን እየወጋቸው፣ አንድ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ ቀስ እያሉ እስከ ወገባቸው ደረሱ። አማተቡ። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ብለው ሦስት ጊዜ ብቅ ጥልቅ አሉ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ነጠላውን እንደ ሕፃን ታቅፌ አያለሁ።

ትንሽ ራቅ ብሎ አራት አሮጊቶች ክብ ሠርተው ቆመዋል። ውኃው እስከ ደረታቸው፣ አናታቸው ላይ የገለባ ባርኔጣ፣ አንገታቸው ላይ ወርቅ። አይዋኙም። ይቆማሉና ያወራሉ፤ እጃቸው ብቻ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። አንዷ እትዬን አየችና በእጇ ጠራች።

«ኤላ፣ ኪሪያ! ኤላ!»

ነዪ፣ ወይዘሮ፣ ማለቷ ነው። እትዬ ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩ። ማንን እንደምትጠራ ሊያረጋግጡ ነበር። ከኋላቸው እኔና ባዶ ድንጋይ ብቻ ነን። ክቡ ሰፋ አለላቸውና ገቡ። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም፤ ቁጥር መጠያየቃቸው ግን አይቀርም፣ እትዬ ዘጠኝ ጣት ሲያሳዩ አይቻለሁ። አሮጊቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ አንዷ የተናገረችው ነገር ሁሉንም አሳቃቸው። እትዬ ሲስቁ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይሸፍኑ ነበር። ነጠላው እኔ ዘንድ ነው። እንዲያው ጥርሳቸውን ሙሉ ገልጠው ሳቁ፤ ከፊት ለፊት አንዱ ጥርሳቸው የወርቅ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ያን ያህል ሰዓት ውኃ ውስጥ ይቆያሉ ብዬ አልጠበቅሁም። ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማየት እጄን አነሣሁና ሰዓቴን ሳላይ መለስኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቀሚሳቸው ላያቸው ላይ ደርቆ፣ ከመንገዱ ማዶ ወዳለች ምግብ ቤት ገባን። ደጃፉ ላይ በገመድ የተሰቀለ ነገር አለ፤ እኔ ቋንጣ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል ቋንጣው ጣት አለው፣ ጣቱ ላይ ደግሞ እንደ ቁልፍ የተደረደረ ነገር። ኦክቶፐስ ነው፤ ከመጠበሱ በፊት ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። እትዬ የሚጾሙ መሆናቸውን ሲናገሩ ባለቤቱ በደስታ ወደ ገመዱ አመለከተ።

«ኒስቲሲሞ!»

የጾም ነው ማለቱ ነው። እውነቱን ነው፤ በግሪክ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዓሣ በጾም አይበላም፣ ደም የለውም የሚባለው የባሕር ፍጡር ግን ይበላል። በእኛ ደግሞ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር እንስሳ በፍስክም አይነካም። እትዬ ሰውዬውን በአክብሮት ከሰሙት በኋላ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣

«ደም ከሌለው ምን ይዞት ሞተ?» አሉ።

ለባለቤቱ ማናችንም አልተረጎምንለትም። እሱ ደግሞ እኛን ማጽናናት ይዟል፤ አይዟችሁ፣ ከነገ ወዲያ ማርያም ናት፣ ትፈስካላችሁ ይላል። የእኛ ፍልሰታ ሊፈታ ገና ዘጠኝ ቀን እንደሚቀረው እትዬ ሲነግሩት ግራ ገባው። አንዲት ማርያም፣ አንድ ዕርገት፣ ሁለት ቀን? እኛም ማስረዳት አልቻልንም፤ አቆጣጠራችሁ ነው የተሳሳተ ብሎ ለሰው አገር ሰው መንገር ነውር ነው። ፋቫ የሚባል ነገር አመጣልን። የአተር ክክ ተቀቅሎ፣ ደቆ፣ ዘይትና ጥሬ ሽንኩርት ፈሶበት፣ ሎሚ ከጎኑ። እትዬ ቀምሰው ዝም አሉ፤ ከዚያ ከዘንቢላቸው ውስጥ በወረቀት የተቋጠረች ሚጥሚጣ አውጥተው ነሰነሱባት። ሽሮ ሆነች ለማለት አልደፍርም። ዘመድ ግን ሆነች።

ከምሳ በኋላ ሰፈሩ ጸጥ አለ። በበጋ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ተኩል ድረስ ሰው እንዳይረበሽ በሕግ ተደንግጓል፤ ራዲዮ የሚያስጮህ ሰው ፖሊስ ሊጠራበት ይችላል። መንግሥት ስለ ሰው እንቅልፍ ሕግ ያወጣበት አገር ገጥሞኝ አያውቅም፤ የመጣሁበት መንግሥት ሕግ የሚያወጣው ስለ መንቃት ነበር። ባልዲ የሰቀሉት ልጆች እንኳ ተበተኑ። እትዬ አርሚሪኪው ሥር ነጠላቸውን ተከናንበው ጋደም አሉ። እኔም ከጎን ተጋደምኩ። ስሜ ተለጥፎ ይሆን? ይህ ሐሳብ መጣ፣ ትንሽ ተቀመጠና ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ስነቃ ጥላው ዞሮ፣ ግማሽ ፊቴ በፀሐይ ተቀቅሎ፣ እትዬ እየሳቁብኝ ነበር።

አመሻሹ ላይ ሰዉ ሁሉ ወደ ባሕሩ ዳር ወጣ። ቮልታ ይሉታል፤ የትም ላይደርሱ መሄድ። ሕፃን በጋሪ፣ ሙሽራ በክንድ፣ አሮጊት በልጅ ልጅ ተይዞ ይሄዳል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይመለሳል። እኛም ተቀላቅለን ወደ ወደቡ አቅጣጫ ሄድን። እዚያ አቬሮፍ የምትባለው የጦር መርከብ ቆማለች። ጣሊያን አገር ሊቮርኖ ላይ ተሠርታ በፈረንጅ 1910 ባሕር ላይ የወረደች ናት፤ በ1912 የባልካን ጦርነት የኤጂያንን ባሕር ለግሪክ ያስጠበቀች ይህቺ ናት ይሏታል። አርጅታ ከሥራ ከወጣች በኋላ ለሙዚየም ተብላ በ1984 ወደ ፋሊሮ ተጎተተች። ስሟ የአንድ ሀብታም ስም ነው። ጊዮርጊዮስ አቬሮፍ እስክንድርያ ላይ ነግዶ የበለጸገ ሰው ነበር፤ ለመርከቧ መግዣ በኑዛዜ ገንዘብ ተወ። ከዚያ በፊት ደግሞ ለ1896ቱ የመጀመሪያ ኦሎምፒክ የአቴናን ጥንታዊ ስታዲየም በእምነበረድ ያሳደሰው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ የነገረን መርከቧ ፊት ለፊት ያለ የጋዜጣና የሲጋራ ኪዮስክ፣ ፔሪፕቴሮ የሚሉት፣ ባለቤት ነው። ወሬውን የጀመረው ከየት እንደመጣን ሲሰማ ነበር።

«ኤቲዮፒያ? ቢኪላ!»

አበበ ቢቂላ በሮም ካሸነፈ በኋላ በፈረንጅ 1961 አቴና መጥቶ የማራቶንን ውድድር አሸንፏል፤ ከማራቶን መንደር ተነሥቶ እዚያው እምነበረድ ስታዲየም ነው የገባው። ሰውዬው ጣቱን ከመርከቧ ወደ ከተማው፣ ከከተማው ወደ እኔ አዞረ፤ አቬሮፍ ድንጋዩን አነጠፈ፣ ቢኪላ ረገጠው። ከዚያ ለውዝ ያለበት ከረሜላ ሰጠኝና ገንዘብ አልቀበልም አለ። በአቴና በኖርኩበት ጊዜ ስለ አገሬ ስነግረው ረሀብን ያላነሣብኝ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ይህ ቀላል አልነበረም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ከዋሽንግተን መጥቼ ያን መንገድ ሄጄበታለሁ። ቀነኒሳ ዐሥር ሺውን ባሸነፈበት በፈረንጅ 2004ቱ ኦሎምፒክ ዋዜማ የተጀመረው ትራም ከከተማው እስከ ባሕሩ ዳር ይወስዳል። አቬሮፍ እዚያው ናት። ፔሪፕቴሮው ውስጥ ስልኩን የሚነካካ ወጣት ተቀምጧል። ኤዴም ላይ አሮጊቶች ክብ ሠርተው ቆመው ነበር፤ ሌሎች አሮጊቶች ናቸው፣ ባርኔጣው ግን ያው ነው። ቡና አዘዝኩ። ስልኬን አራት ጊዜ አየሁ። እትዬ ያን ጊዜ አገራቸው ገብተው ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነበር።

ያን ዕለት ግን ገና ከመርከቧ ስንመለስ ጭስ ሸተተኝ። አንድ ሰውዬ ከሰል ላይ በቆሎ ይጠብሳል፤ ካላምቦኪ ይሉታል። በጋዜጣ ቁራጭ ያራግባል፣ ያገላብጣል፣ ፍሬው ጠስ ጠስ ይላል። ነሐሴ ነው። አገሬ ላይ ክረምት ነው፣ እሸት የሚደርስበት፤ ጃንጥላ ሥር ሆና የምትጠብስ ሴት በየመንገዱ ጥግ አለች። እዚህ ዝናብ የለም፣ ጭሱ ግን አንድ ነው። እትዬ ቆመው ጭሱን ሳቡት። ሦስት ገዙ፤ ድራክማቸውን ከመሀረባቸው ቋጠሮ ውስጥ ፈትተው። ሰውዬው ጨው ሲነሰንስበት በእጃቸው ከለከሉት፤ «ጨው ዛሬ በቅቶናል» አሉ በአማርኛ፣ እሱም የገባው ይመስል ሳቀ።

እየጋጥን፣ ሳንቸኩል፣ ወደ አውቶቡሱ ሄድን። ሦስተኛውን በቆሎ በጋዜጣ ጠቅልለው ዘንቢሉ ውስጥ አስቀመጡት፤ «ለልጆቹ» አሉ። አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ ሲሉ የቀሚሳቸውን ጠርዝ አየሁት። ባሕሩ ደርቆበት ዙሪያውን ነጭ ጥለት ሠርቷል። ሲንታግማ ላይ ተለያየን። እሳቸው አበባ ሊያጠጡ ሄዱ።

ቀፎው ውስጥ ስደርስ ሁሉም ነቅተው ተቀምጠዋል።

«የት ጠፋህ? ስም ወጥቷል እኮ!»

«የእኔስ አለ?»

«ሰው ተደራርቦ የሁላችንንም ሳላየው ተመለስኩ። ነገ በጠዋት ነው መሄድ።»

በቆሎውን አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ቀዝቅዟል፣ ለአምስት ተካፈሉት። ጫማዬን ሳወልቅ ጠጠር ወደቀ። ሲሚንቶው ላይ ጋደም አልኩ። አንዱ ቢሮው ስንት ሰዓት ይከፈታል ብሎ ጠየቀኝ፤ በማግሥቱ እንደነገሩኝ፣ መልስ ሲጠብቅ እያንኮራፋሁ ነበር።